የዜሮ ቁጥር ደም

ሰኞ ጠዋት በምርምር ማዕከሉ በር ላይ የሚሆነውን ነገር እንግዳ ሰው ቢያየው ይደነግጥ ይሆናል፤ ለሠራተኛው ግን ፊርማ ነው። ገቢው ሁሉ አውራ ጣቱን በምሰሶው ላይ ወዳለችው ቀዳዳ ይከታል። ቀዳዳዋ ከትንኝ ንክሻ በማይብስ ሕመም አንዲት ጠብታ ደም ትወስዳለች፤ በሩ ይከፈታል። በሁለት ሺህ አንድ መቶ አራት ዓመተ ምሕረት አርባ ምንጭ ላይ ለዚህ ብሎ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው የለም። በሩ «እንደምን አደሩ» ይላል፤ ሠራተኛውም ጣቱን እየመጠጠ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። ከበር ጋር ሰላምታ መለዋወጥ የሚያሳፍርበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል።

የጠብታዋ ሥራ ሰዓት መቆጣጠር ብቻ አይደለም። ማዕከሉ የታመሙ ሴቶችን ሕዋስ ሲመረምር ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነጻጽርበት የጤነኛ ሕዋስ ያስፈልገዋል፤ ጤነኛ ደግሞ ከገበያ አይገዛም፣ ከቤት ይወሰዳል። ከሠራተኛው ደም የሚወጣው ሕዋስ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ነርቭ ሕዋስ ተለውጦ በመስተዋት ትሪ ላይ ይዘራል፤ ሕዋሶቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ካበሩ ጤነኛ ናቸው፣ አለቀ። በውስጣቸው ያለው የዘር ጽሑፍ፣ ማለትም ሰውን ሰው አድርጎ የሚሠራው ትእዛዝ፣ አይነበብም። ይህን ያስወሰነው የሠራተኛ ማኅበሩ ነው፤ «ደማችን ይታያል እንጂ አይነበብም» የሚለው መፈክር እስከ ዛሬ የምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ አለ። ማንስ በደሙ ውስጥ ያለውን ገመና አለቃው እንዲያውቅበት ይፈልጋል?

ከዚህ ሁሉ የቤት ደም የተከበረው ዜሮ ቁጥር የተባለው ነው። ባለቤቷ ዶክተር አማከለች ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የማዕከሉ የሕክምና ማሽን ሲተከል ክፍሉ ውስጥ የነበሩት እሷና ቴክኒሻኑ ምሕረቱ ብቻ ነበሩ፤ ወንድ ለዚህ ሥራ ስለማይሆን ጣቷን የሰጠችው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ጤና የሚባለውን ነገር የሚያውቀው በእሷ ደም ነው። አዲስ ታማሚ ስትመጣ «ከዜሮ ምን ያህል ራቀች?» ይባላል። ዶክተር አማከለች በዚህ አትኮራም ማለት ውሸት ነው። ምሕረቱ «የጤና ልካችን መጣች» እያለ ሲያሾፍባት ትቆጣለች፤ ግን ደስ እያላት ነው የምትቆጣው።

ማሽኑ ፈረቃ ይባላል። ስሙን ያወጣችለት ራሷ ናት፣ ለታማሚ ቤተሰብ ማስረዳት ሲያስቸግራት። «ሴት ልጅ ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አላት» ትላቸዋለች፤ «ክሮሞዞም ማለት የዘር ጽሑፍ የተጠቀለለበት ክር ነው። አንዱ ኤክስ ከእናቷ፣ አንዱ ከአባቷ ነው። ሁለቱ ባንድ ላይ ከሠሩ ሕዋሱ ላይ ይበዛበታል። ስለዚህ ገና በማህፀን ሳለች፣ ዓይንም ልብም ሳይኖራት፣ በየሕዋሷ ውስጥ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይተኛል። የትኛው እንደሚተኛ በዕጣ ነው። ዕጣው አንዴ ከወጣ የዚያ ሕዋስ ልጅም የልጅ ልጅም በዚያው ይኖራል።» የፋብሪካ ፈረቃ በሉት። ልዩነቱ፣ እዚህ የተኛው ፈረቃ ዕድሜ ልኩን ተነሥ የሚለው አያገኝም። ማሽኑ የሚያደርገው እሱን መቀስቀስና ሲሠራ የኖረውን ማስተኛት ነው። የሚሠራው ክር ታሞ የተኛው ጤነኛ ከሆነ፣ ፈረቃ መቀየር ማለት መዳን ማለት ነው።

በዚያ ሰኞ ዶክተር አማከለች የጋዋኗን ቁልፍ ሳትጨርስ ምሕረቱ ከውስጥ ተጣራ።

«ዶክተር፣ ነይ እስቲ። ማሽናችን ጉድ ሠርቶልናል።»

እሑድ ከጉጌ ተራራ በኩል የመጣው መብረቅ ኃይሉን አንዴ አቋርጦት ነበር። ማሽኑ ሲመለስ የመድኃኒት ማፍሰሻው ክዳን ሳይዘጋ ቀርቶ፣ በአንድ ትሪ ላይ ብቻ መፍሰስ የነበረበት ፈረቃ ቀያሪው መድኃኒት በሁለት ትሪ ላይ ፈስሷል። አንዱ ትሪ የአሥራ ሰባት ቁጥር ታማሚ ነው፤ ሐሙስ በማሽኑ እንድትታከም ቀን የተቆረጠላት ሴት ናት። ሌላው ትሪ ዜሮ ነው።

«መጀመሪያ አሥራ ሰባትን እያት» አለ ምሕረቱ።

ትሪው ከዳር እስከ ዳር ያበራል። ዓርብ ዕለት እዚህም እዚያም ብልጭ ብሎ ይጠፋ የነበረው ሕዋስ ሁሉ እንደ ቅዳሜ ገበያ ይንጫጫል። በአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ውጤት አይተው አያውቁም። አማከለች እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ እልልታ ሊያመልጣት ነበር።

«ቆይ፣ ገና ነው» አላት። «አሁን ደግሞ የራስሽን እይ።»

ዜሮ ጨልሟል። ሕዋሱ በሕይወት አለ፣ ግን አይነጋገርም። አንዱ ጥግ ላይ ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ ቆይቶ ያለ ቦታው ደግሞ ብልጭ ይላል። ይህን አመል አማከለች አሳምራ ታውቀዋለች። የአሥራ ሰባት አመል ነው።

«ትሪ አቀያይረሃል» አለችው።

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ?»

«ዶክተር፣ መንገድ ላይ የሰው ሚስት የኔ መስላኝ ጠርቼ አውቃለሁ፤ አልዋሽም። ትሪ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላቀያየርኩም።»

አልሳቀችም። ጣቷን ደግማ ሰጠች። ማክሰኞ ጠዋት ከአዲሱ ደም የተሠራው ዜሮ እንደ ወትሮው አበራ። ምሕረቱ የማፍሰሻውን ክዳን ጠግኖ፣ ትሪውን በገዛ እጁ ይዞ፣ መድኃኒቱን አፈሰሰበት። ሁለቱም ወንበር ስበው ተቀመጡና ጠበቁ። በስድስት ሰዓት ውስጥ ጨለመ። ያን ጊዜ ምሕረቱም ቀልዱን ተወ።

የማዕከሉ ደንብ አጭር ነው፤ ጤነኛውን ያሳመመ ነገር ለታማሚ አይሰጥም። ለዳይሬክተሯ ለፕሮፌሰር ዘነበወርቅ መናገር ግድ ሆነ። ፕሮፌሰር ዘነበወርቅ የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ደረጃ ሲወጡ ወጣቱን ኋላ የሚያስቀሩ። መጡ፣ ጎንበስ ብለው ሁለቱን ትሪ አዩ፣ ቀና አሉ።

«ይታሸግ» አሉ።

«ፕሮፌሰር፣ አሥራ ሰባት እኮ ለሐሙስ…»

«ሐሙስ የሚባል ቀን የለም። ጤነኛ ሰው የሚያሳምም መድኃኒት ስሙ መርዝ ነው። ለምን እንዳሳመመ በማስረጃ እስክታሳዪኝ ድረስ ይህ ማሽን አይነካም። ዓመትም ቢፈጅ።»

ቀዩን ማኅተም በራሳቸው እጅ ለጠፉት።

አሥራ ሰባት ቁጥር ዓመት የላትም። ስሟ ተዋበች ነው። የዶክተር አማከለች መንታ እህት ናት፤ ይህንንም በማዕከሉ ውስጥ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

ሕመሟ ሬት ይባላል። ባገኘው ሐኪም ስም የተጠራ ነው፤ ለእኛ ጆሮ ግን ሌላውን መራራ ነገር ያስታውሳል፣ አላበዛበትም። ተዋበች እስከ ዓመት ከመንፈቋ ድረስ እንደ ማንኛውም ልጅ ድክ ድክ ብላ፣ «እማ» ብላ ነበር። ከዚያ ያወቀችውን ሁሉ አንድ በአንድ ተወችው፤ ቃሏን፣ እርምጃዋን፣ ማንኪያ መያዟን። የቀረላት ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንደሚታጠብ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ማሻሸት ነው። አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ የአሥር ዓመት ልጅ ያህላል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ ትንፋሿ ቀጥ እያለ ያስደነግጣል፤ ሐኪሞቹ የሚመጣውን ክረምት አታልፍም ብለዋል።

መንታ ቢሆኑም «አይመሳሰሉም» የተባለላቸው የተወለዱ ዕለት ነው። አዋላጇ ሁለት እንግዴ ልጅ ስላገኘች «መንታ ናቸው፣ ግን የየራሳቸው ናቸው» አለች፤ ሰዉም ያንን ይዞ ቀረ። ኋላ አንዷ ከስታ ፊቷ ሲጠወልግ ቃሉ እውነት መሰለ። እናታቸው ነፍሰ ጡር ሳለች በቀትር ወንዝ ተሻግራለች ተባለ፤ የቀትር ጋኔን አንዷን ለከፋት፣ አንዷን ሳታት ተባለ። አባታቸው «በእኔ ወገን እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም» ብሎ ጨርቄን ማቄን ሳይል ሄደ። እናታቸው እስክትሞት ድረስ ያንን ወንዝ ስትረግም ኖረች፤ ከወንዙም ይልቅ ራሷን።

አማከለች ይህን ሁሉ አላምንም ብላ ነው የዘር ጽሑፍ ተመራማሪ የሆነችው። ሆኖም ከመንደሩ አንድ ነገር ይዛ ወጥታለች፤ እፍረቱን። ማዕከሉ ሲቀጥራት «እህት ወንድም አለሽ?» ብለው ቢጠይቋት «ብቻዬን ነኝ» አለች። ምላሷ ቀደማት፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ አጣች። ከሦስት ዓመት በፊት እናታቸው ስትሞት ተዋበችን ወደ ማዕከሉ የሕሙማን ክፍል አመጣቻት፣ ግን በአባታቸው ስም ፋንታ በአጎታቸው ስም አስመዘገበቻት። ዘመዱን የሚያክም ተመራማሪ ከሥራው ይነሣልና። እንዲህ እየሆነ በየጠዋቱ ትገባለች፣ ነርሶቹን «አሥራ ሰባት እንዴት አደረች?» ትላለች፣ ትወጣለች። ተዋበች እጇን እያሻሸች በዓይኗ ትከተላታለች።

ማኅተሙ በተለጠፈ በሰዓቱ አማከለች ምሕረቱን በሩን እንዲዘጋ ነገረችው።

«ደሜን አንብብልኝ» አለችው።

«ማኅበሩ ይሰቅለኛል።»

«የገዛ ደሜ ነው። ባለቤቷ ፈቅጄ ማን ይከለክላል?»

የታሸገው ፈረቃ ነው እንጂ አንባቢው ማሽን አይደለም። ምሕረቱ የዜሮን ጠብታ አገባ። ንባቡ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አማከለች የጠበቀችው አንዳች የተበላሸ ነገር ነበር፤ የደም መበከል፣ የመድኃኒት ስሕተት፣ ሰበብ የሚሆን ማንኛውም ነገር። በአንባቢው ማሽን መስኮት ላይ የወጣው ጽሑፍ ግን ይህ ነበር፤

«ዜሮ ቁጥር እና አሥራ ሰባት ቁጥር የአንድ ሰው ናሙና ናቸው። አንዱን ይሰርዙ።»

ምሕረቱ ጽሑፉን አየ፣ ትሪዎቹን አየ፣ ደግሞ ጽሑፉን አየ። «ማሽኑ ሰክሯል» አለ። «በእናቴ ስም እምልልሻለሁ፣ ደሙን አላቀላቀልኩም።»

አማከለች ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። እጇን አየችው፣ የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

«እህቴ ናት» አለች።

«ማን?»

«አሥራ ሰባት። መንታዬ ናት። አትመሳሰሉም ስለተባልን… እኔም መመሳሰላችንን አላየሁም። አንድ ቀን እንኳ አላየሁም።»

ምሕረቱ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «አሥራ አንድ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ውለን…» ብሎ ጀመረና ተወው። ቅሬታውን ለሌላ ቀን አሳደረላት።

ሁለት እንግዴ ልጅ ምንም አያረጋግጥም። አንድ ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሁለት ከተከፈለ ለየራሱ እንግዴ ልጅ ያበጃል፤ ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። አማከለችም ታውቀዋለች፣ ስታስተምረውም ኖራለች። በራሷ ቤት ላይ ግን አላዋለችውም፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ይኸው ነው። ማወቅ ስላልፈለገች አልጠየቀችም። ተዋበች ሌላ ሰው ብትሆን ይሻላት ነበር።

አሁን ግን በመስኮቱ ላይ ፊት ለፊት ተጽፎ ታያለች። እህቷን ያደቀቃት የታመመው ክር በእሷም ውስጥ አለ፤ ከጣቷ ጫፍ እስከ ራስ ቅሏ፣ በእያንዳንዱ ሕዋስ። ብቻ ተኝቷል። የሁለቱ ፅንሶች ዕጣ ለየብቻ ወጣ፤ በተዋበች በሚበዛው ሕዋስ ጤነኛው ተኛ፣ በአማከለች ታማሚው። ማንም አልመረጠም። ጋኔንም የለበትም፣ ወንዝም የለበትም። አማከለች ከእናታቸው ከመሞቷ በፊት ወስዳ በተዋበች መዝገብ ያኖረችው ደም ስለነበር ምሕረቱ እሱንም አስተያየው። የታመመው ክር ከእናታቸው የመጣ አይደለም። እሱን ሳያሳምም በዘሩ ፍሬ ላይ ብቻ ተበላሽቶ፣ «በእኔ ወገን የለም» ብሎ የሄደው ሰው ያወረሳቸው ነው። አማከለች ይህን ስታነብ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ እየቆየ ሲሄድ ምሕረቱ ደንግጦ ትከሻዋን ያዛት።

«እንግዲህ ማሽኑ አልተሳሳተም ማለት ነው» አላት ስትረጋጋ። «የተኛውን ቀስቅስ ተባለ፣ ቀሰቀሰ። የተነሣው በሽተኛ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለፕሮፌሰር ብትነግሪያቸው ማኅተሙን ያነሣሉ።»

«እኔንም ያነሡኛል።»

«ያነሡሻል» አለ ምሕረቱ፤ ማባበል አያውቅበትም።

ፈራች። ከዚህ ክፍል ውጭ ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ከዶክተር አማከለችነት ውጭ ማን እንደሆነች አታውቅም። ለአንድ አፍታ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላት፣ ማሽኑ ያላትን ለማድረግ አሰበች። ሁለቱ አንድ ናቸው የሚለውን መረጃ ብታጠፋው ሁሉ እንደነበረ ይቀጥላል፤ ተዋበች በክረምቱ ትሞታለች፣ ማንም «እህትሽን» አይላትም። እጇ ወደ ቁልፉ ሄደ። ማሽኑም በተለመደ ትሕትናው «የትኛው ይሰረዝ?» ብሎ ጠየቃት። እጇን ሰበሰበችና አለቀሰች።

ረቡዕ ጠዋት የፕሮፌሰር ዘነበወርቅን በር አንኳኳች። ቢሮአቸው ወደ ጫሞ ሐይቅ ያያል፤ ከታች የዓሣ ጀልባዎች ያለ ነጂ ራሳቸውን እየነዱ ይመለሱ ነበር። ፕሮፌሰሯ መቀመጫ አሳዩአት፤ አልተቀመጠችም።

«እህት አለኝ» አለች። «አሥራ ሰባት ቁጥር ናት። ዜሮም እሷው ናት።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። ፕሮፌሰር ዘነበወርቅ እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ስትቀጠሪ በዚህችው ክፍል ጠይቄሽ ነበር» አሉ።

«ዋሽቼዎታለሁ።»

«በሐሰት ስም አስመዝግበሻል። ዘመድ አክመሻል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህን ማዕከል ጤና በታማሚ ደም ስታስለኪ ኖረሻል።»

«የመጨረሻውን አላወቅሁም ነበር፣ ፕሮፌሰር።»

«ሁለቱ ይበቃሉ። ከዛሬ ጀምሮ ተመራማሪ አይደለሽም።»

እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ቢሆንም የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቆመች። «እሺ» አለች። «ማኅተሙስ?»

ፕሮፌሰር ዘነበወርቅ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ደንብ የሚወዱ ሴት ናቸው፣ ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

«ያንቺን ታሪክ ይዤ ማኅተም አላነሣም» አሉ። «አንድ ትክክለኛ ጤነኛ ይምጣና ፈረቃው ይቀየርበት። ካልጨለመ ማሽኑ መርዝ አይደለም፣ አነሣለሁ።»

«የማን ደም?»

«የእኔ ነዋ! ሰኞ የሰጠሁት አለ አይደል? ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ራስ ምታት እንኳ አላውቅም። እናቴ ዘጠና ሰባት ዓመት ኖራ የሞተችው ወድቃ ነው።»

ለአንድ ሙከራ ብለው ማኅተሙን ራሳቸው ከፈቱት፤ ምሕረቱ በፕሮፌሰሯ ትሪ ላይ መድኃኒቱን አፈሰሰ። አማከለች ገብታ እንዳታይ ተከልክላ ኮሪደር ላይ ተቀመጠች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ምሕረቱ ወጥቶ በፊቷ አለፈ፤ አላያትም። የፕሮፌሰሯን ቢሮ ሳያንኳኳ ገባ። ሁለቱ ሲመለሱ አማከለችን ውጪ ሁኚ ማለት ረሱ፤ ተከትላቸው ገባች።

የፕሮፌሰሯ ትሪ እንደ ዜሮ አልጨለመም። የባሰ ነው። ሕዋሶቹ ስብ ቋጥረው አብጠዋል፤ ተራ በተራ እየፈነዱ ይጠፋሉ። ሦስቱም ምን እያዩ እንደሆነ ያውቃሉ። ሌላ ሕመም ነው፤ የያዘውን ሕፃን አሥር ዓመት ሳይሞላው ዓይኑንና ጆሮውን ነጥቆ አልጋ ላይ የሚጥል።

ፕሮፌሰር ዘነበወርቅ የግራ ክንዳቸውን በቀኝ እጃቸው ነኩት፣ የማያውቁትን ሰው ክንድ እንደሚነካ ሰው ቀስ ብለው።

«ይኼ… እኔ ውስጥ ነው የኖረው?»

«ተኝቶ ነው፣ ፕሮፌሰር» አለ ምሕረቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስድሳ ስምንት ዓመት?»

«ስድሳ ስምንት ዓመት።»

ወንበር አቀረበላቸው፤ እምቢ አሉ፤ ከዚያ ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው የዳይሬክተር ድምፅ አልነበረም። «ሌላ አምጡ» አሉ። «የሁሉንም አምጡ። ፈቃዳቸውን ጠይቁና የሁሉንም ሴት ትሪ አምጡ።»

በማዕከሉ ከሁለቱ ሌላ ሠላሳ አንድ ሴቶች አሉ። አንዲት እንኳ እምቢ አላለችም፤ ግማሾቹ «እስቲ የኔ ጤነኛ ሆኖ ይገኝ» ብለው ተፎካከሩ። ሐሙስ ጠዋት ሥራ ሲገባ የሁሉም ትሪ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፣ በየባለቤቷ ፈቃድም ጽሑፉ ተነብቦ ነበር። የወጥ ቤት ኃላፊዋ የተኛ ፈረቃ ደሙ አይረጋም። ከሰው ሁሉ ጉልበታም የምትባለው ጥበቃ የተኛ ፈረቃ ጡንቻው በልጅነት ይሰልላል። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ቀይና አረንጓዴ ባልለየች ነበር፤ እሷ በዚህ ተገላግላለች። አንዷ፣ የተኛው ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ፅንስ ሆና እንኳ ባልቆየች ነበር። ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ከሠላሳ አንዱ ያለ እንከን የወጣ ትሪ አልተገኘም። ሴቶቹ በጠረጴዛው ዙሪያ ቆመው የየራሳቸውን ያያሉ፤ እንደ ትናንቱ የሚስቅ የለም። አንዷ የጎረቤቷን እጅ ያዘች፤ ሌላዋ በሕሙማን ክፍል ስለምታውቃቸው ታማሚዎች «እኛ እኮ ሻይ ስንሰጣቸው እንኳ ጽዋቸውን እንለይ ነበር» ብላ አለቀሰች።

«እኛ ወንዶችስ?» አለ ምሕረቱ፤ የሰውን ድንጋጤ ለማቅለል ብሎ ነው።

«እናንተማ ያላችሁ አንድ ኤክስ ብቻ ነው፣ ተጠባባቂም የላችሁ» አሉ ፕሮፌሰር ዘነበወርቅ። «በአንድ እግራችሁ ነው የቆማችሁት።»

ከዚያ የሕክምና ፈቃዱን ቅጽ ሳቡ። «ጤነኛ ማነጻጸሪያ» ከሚለው ፊት ለፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ዜሮ» ተብሎ የሚሞላ ባዶ ቦታ አለ። ማሽኑ በየትሪው የተኛውን ቀሰቀሰ እንጂ አንድ ሕዋስ አልመረዘም። ማዕከሉ እስከዛሬ ታማሚዎቹ ከጤነኛ ሰው ምን ያህል እንደራቁ ሲለካ ነበር፤ ያ ጤነኛ ሰው ግን የለም። ያለው የተኛለት ሰውና ያልተኛለት ሰው ነው። ፕሮፌሰሯ «አልተገኘም» ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተሙን ቀደው ጣሉት።

አማከለች ማሽኑን እንዳትነካ የተጣለው ውሳኔ አልተነሣም። ተዋበችን ያከማት ምሕረቱ ነው። ነርሷ ግን ለአማከለች ሌላ ወረቀት ሰጠቻት፤ ከታማሚዋ ጎን የሚቆም የቤተሰብ ተጠሪ የሚሞላው። ዝምድና በሚለው ቦታ ላይ «እህት» ብላ ጻፈች። ነርሷ ወረቀቱን አየችና ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ ወደ አልጋው አየች፣ ወንበር አመጣችላት።

አርባ ቀን ምንም ነገር አልሆነም። አማከለች ሥራ ስለሌላት ቀኑን ሙሉ እዚያው ትውላለች፤ ታጎርሳለች፣ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች። የራሷን ፊት በተዋበች ፊት ላይ ትፈልጋለች፣ አንዳንዴም ታገኘዋለች። በአርባ አንደኛው ቀን ከቁርስ በኋላ የተዋበች እጆች ቆሙ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ያላቋረጠው ማሻሸት ድንገት ጸጥ ሲል አማከለች የሞተች መስሏት ጮኸች። ምሕረቱ ከማዶ ክፍል ሮጦ መጣ።

ተዋበች አልሞተችም። የቀኝ እጇ ከደረቷ ተላቅቆ አየሩን እየዳበሰ መጣና የአማከለች ጉንጭ ላይ ዐረፈ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አማከለች ጆሮዋን አስጠጋች። የጠበቀችው «ውሃ» ነው፤ ወይ ያችን በልጅነቷ የተወቻትን «እማ» ነው። ወይም ደግሞ፣ የምትፈራው እሱን ነበርና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በቁጥር ለተጠራችበት የሚሆን ስድብ።

«ደ… ከመሽ?» አለች ተዋበች።

ምሕረቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አማከለች በዚያ ሁሉ ሰሞን ስንት ነገር አስደንግጧታል፤ እንዲህ የመታት ግን አልነበረም። ሰው የላትም፣ አታይም፣ አትሰማም ተብላ የኖረች ሴት ከአልጋዋ ሆና ዕድሜዋን ሁሉ የሌላውን ድካም ስታይ ኖራለች፤ መጠየቂያ አጥታ ነው እንጂ።

«አዎ፣ እህቴ» አለቻት። «በጣም ደክሞኛል።»